የባትሪ ማቋረጫ፤ ለአሮጌ መኪና መድኃኒት ነው ማስታገሻ?

በደብረ ብርሃን ከተማ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ከየግቢው የሚሰማ አንድ የታወቀ ድምፅ አለ። ሞተሪኖው መጀመሪያ ያጓራል፣ ቀጥሎ ያቃስታል፣ በሦስተኛው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለማንም እንግዳ አይደለም። ጎረቤት ይጠራል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ አመዳይ በተኛበት ሣር ላይ እያንሸራተታቸው መኪና ይገፋሉ። ባለ መኪናው ነጋዴ ከሆነ የዕለቱ ገበያ ሊያመልጠው ነው። ሾፌር ከሆነም ተራው ተዘለለ ማለት ነው። ባትሪው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ ደግሞ ነገሩ ወደ ኪስ ይገባል። አዲስ ባትሪ መግዛት ዛሬ እንደ ቀድሞው «እስቲ አንዱን ልግዛ» የሚባልለት ወጪ አይደለም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብሎ በመለዋወጫ ሱቆች የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ዕቃ አለ። በባትሪው ራስና በወፍራሙ ገመድ መካከል ይገባል። ሲያጠብቁት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ሲያላሉት ይዘጋል። መኪናውን አቁመው ሲሄዱ ይዘጉታል፣ ሲመለሱ ይከፍቱታል፣ አለቀ። ስሙ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የባትሪ ማቋረጫ» ብለን እንቀጥላለን። በቦቴና በከባድ ጭነት መኪና የሠራ ሰው ለዕቃው ባዕድ አይደለም። በአውሮፓ አደገኛ ዕቃዎችን በመንገድ ስለማጓጓዝ የተደረገው ኤ ዲ አር የተባለው ስምምነት ቤንዚን ለሚጭኑ ቦቴዎች ማቋረጫ ግዴታ ነው ይላል። የመኪና እሽቅድምድም ማኅበራትም መኪናው በተገለበጠ ጊዜ ኤሌክትሪኩ ከውጭ እንዲዘጋ ይጠይቃሉ። በእኛ አገር ግን ዕቃው በብዛት የሚፈለገው ለዕድሜ ጠገቡ የቤት መኪና ነው።

ዕድሜ ጠገቡን መኪና ደግሞ እንደ ዋዛ ማየት ከቀረ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ የሚል ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከዶላር አንጻር ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በላይ አጣ። ከውጭ የሚመጣ ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ ሁሉ በዚያው ልክ ተሰቀለ። ስለዚህ ያቺ ድሮ «ትሸጥ ይሆን?» ስትባል የኖረች ቮልስ፣ ላዳ ወይም ቶዮታ ዲ ኤክስ ዛሬ ጥሪት ናት። እርሷን በወጉ ማቆየትም የገበያ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

ብርዱ ምን ያደርጋል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በበጋው ወራት ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲያድር ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። ብዙ ሰው «ብርዱ ባትሪዬን በላው» ሲል ይደመጣል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ብርድ ባትሪውን አያራግፈውም፤ እንዲያውም ዝም ብሎ የተቀመጠ ባትሪ በብርድ ቦታ ኃይሉን የሚያጣው በዝግታ ነው። ብርድ የሚያደርገው ያለውን ኃይል አፍኖ መያዝ ነው። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ባትሪ በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሰጠውን የማስነሻ ጉልበት 100 ብንል፣ በዜሮ ዲግሪ የሚሰጠው 65 ያህል ብቻ ነው። በዚያው ሰዓት የሞተር ዘይቱ እንደ ማር ስለሚወፍር ሞተሪኖው የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። ሰጪው ሲቀንስ ጠያቂው ይበዛል።

ባትሪን በእርግጥ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። ይህ ደግሞ ለሰሜን ሸዋ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። ቆላው ላይ በኮፈኑ ሥር የሚፈጠረው ሙቀት የባትሪውን ውኃ ያተነዋል፣ ሳህኖቹንም ይበላቸዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል የሙያው ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። ጉዳቱ ግን እዚያው አይታወቅም። ቆላ ላይ ሞተሩ ሞቅ ብሎ፣ ዘይቱ ቀጥኖ ስለሚገኝ የደከመውም ባትሪ ያስነሳል። ሲመለስ ደጋው ያጋልጠዋል። በሸዋ ሮቢት የታመመው ባትሪ በደብረ ብርሃን ይሞታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ማቋረጫ ብርዱን አያስቀርም፣ ሙቀቱንም አያበርድም። ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

ቀስ እያለ የሚያንጠባጥበው

የቆመ መኪና ሁሉ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ሰዓቱ፣ የሬዲዮው ማስታወሻ፣ በኋላ የተገጠመው የሌባ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ከባትሪው ይቀዳሉ። ሁሉም ተደምረው 45 ሚሊ አምፔር ቢጠጡ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ አምፔር ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ባትሪው ባለ 60 ከሆነ በአንድ ወር ውስጥ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ግማሹ የቀረለት ባትሪ ቆላ ላይ ሊያስነሳ ይችላል። በውርጭ ጧት ግን ከዚያችው ግማሽ ላይ ብርዱ ሲሶውን ሲቀንስባት የሚተርፈው ለሞተሪኖው «ጠቅ» ለማለት ያህል ነው።

ይህ እንግዲህ ጤነኛ ለሚባለው መኪና ነው። አሮጌ መኪና ሌላ ጣጣ አለው። የዕቃ ማስቀመጫው መብራት ማጥፊያ ተጣብቆ ክዳኑ ከተዘጋም በኋላ መብራቱ ያድራል። ባለ 5 ዋት አምፖል ብቻውን በቀን 10 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ባለ 60ውን ባትሪ ከግማሽ በታች ያደርሰዋል። የዲናሞው ዳዮድ ሲደክም ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ያፈሳል። ሃያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ አምስት ኤሌክትሪሺያን የነካካው ሽቦ በየቦታው በፕላስተር ተጠቅልሎ ይገኛል። አንዱ ሬዲዮ ሲገጥም፣ ሌላው ሲነቅል፣ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ሲቀጥል የቀረ ሽቦ ኃይል እንደያዘ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብርድ የሸሸች አይጥም ኮፈን ሥር ገብታ የሽቦ ላስቲክ መላጥ ታውቃለች።

ባትሪው ባዶውን በቆየ ቁጥር ደግሞ ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል። በሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት በጊዜው ቻርጅ ካልተደረገ ይጠጥርና አይለቅም። ሁለትና ሦስት ጊዜ እስከ ታች ወርዶ የሰነበተ ባትሪ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም የድሮውን አይሆንም። የባለ መኪናው ትክክለኛ ኪሳራ ይኼ ነው። መገፋቱ ያልፋል፤ አራትና አምስት ዓመት ሊያገለግል የሚችለው ባትሪ በሁለት ዓመት መሞቱ ግን በብር የሚቆጠር ነው።

ከዚህ አንጻር ማቋረጫ የሚጠቅመው ለማን እንደሆነ ግልጽ ይመስለናል። መኪናውን በየቀኑ ረዘም ላለ መንገድ የሚነዳ ሰው አያስፈልገውም። ዲናሞው የሌሊቱን ጠብታ በደቂቃዎች ይተካዋል። የሚያስፈልገው መኪናውን ለሳምንታት አቁሞ ለሚሄድ ነው። አዲስ አበባ ውሎ አድሮ በወር አንዴ ወደ አንኮበር የሚመለስ ሰው፣ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ የምትወጣ ቮልስ ያለችው ጡረተኛ፣ ቤንዚን ጠፍቶ ተሰልፎ የሰለቸውና መኪናውን ግቢ ያስገባ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ እየተዘጋ መኪናቸው ሳያስቡት ለቀናትና ለሳምንታት የቆመባቸውም ጥቂቶች አይደሉም። መንገዱ ሲከፈት ሚኒባሱ አልነሳ ካለ የጠፋው የአንድ ቀን ገቢ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅም እሳት ነው። ስለዚህ ብዙም አይወራም፣ በእኛ አስተያየት ግን ከባትሪ ዕድሜ ይበልጣል። የቆመ መኪና ሌሊት ተቃጥሎ ሲገኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጠላትን ነው። የተላጠ ሽቦ የመኪናውን ብረት ሲነካ የሚያደርገውን ግን ማንም አያስብም። የባትሪ ዋናው ገመድ ደግሞ ፊውዝ የለውም።

በዚህ ረገድ ቮልስ ተራ ምሳሌ አይደለችም። ባትሪዋ ያለው በኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ምንጭ ሽቦ ዝጎ ሲሰበር ወይም ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ወደ ታች ወርዶ የባትሪውን ፖዘቲቭ ራስ ይነካል። የወንበሩ ብረት ከመኪናው አካል ጋር የተገናኘ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ሽቦው እንደ ምድጃ ይቀላል። ከላዩ ያለው ደግሞ ጭረትና ጨርቅ ነው። በዚህ መንገድ የተቃጠሉ ቮልሶች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። ከፋብሪካ ስትወጣ በባትሪው ላይ መክደኛ ነበራት። በእኛ አገር ባሉት ላይ መክደኛው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ስለዚህ የቮልስ ባለቤት ከማቋረጫው በፊት ላስቲክ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ክዳን ማበጀት አለበት። ማቋረጫውንም በባትሪው ራስ ላይ ወደ ላይ የሚቆመውን ዓይነት መግጠም የለበትም፤ ከፍታ ስለሚጨምር ወንበሩን ይበልጥ ያቀርበዋልና። ለእርሷ የሚሻለው ከባትሪው ራቅ ብሎ በሰውነቷ ላይ በብሎን የሚታሰረው ነው።

ዓይነቶቹ

በገበያ የሚገኙት በዋነኛነት ሦስት ናቸው። አንደኛው በባትሪው ራስ ላይ ተቀምጦ በሚሽከረከር የፕላስቲክ እጀታ የሚጠብቅና የሚላላ ነው። እጀታው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። ርካሽ ነው፣ ለመግጠም 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃዋል። ጉድለቱ እጀታው በመንገድ ንዝረት መላላቱ ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚውል መኪና በዚህ ዕቃ ምክንያት መንገድ ላይ መብራቱ ሁሉ ሊጠፋበት ይችላል። ሁለተኛው እንደ ቢላዋ የሚታጠፍ የመዳብ ምላስ ያለው ነው፤ ምላሱ በሁለት ጥርሶች መካከል ሲገባ ያገናኛል። ክፍትና ዝግ መሆኑ ከሩቅ ይታያል፣ የሚላላ ብሎን የለውም። እኛ ብንጠየቅ ለተራ አሮጌ መኪና ይህንን እንመርጣለን። ሦስተኛው ቀይ ተነቃይ ቁልፍ ያለው፣ በመኪናው አካል ላይ የሚታሰረው ነው። ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ይገባል። ተጨማሪ ወፍራም ገመድ ስለሚፈልግ ሥራው የኤሌክትሪሺያን ነው።

አራተኛ ዓይነትም አለ፤ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚዘጋ። ይህ ራሱ ትእዛዝ ለመስማት ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ እየጠጣ ይጠብቃል። ጠብታ ለማቆም ሌላ ጠብታ መግዛት ነው፤ እንለፈው።

ዕቃው ላይ 100 አምፔር፣ 500 አምፔር የሚሉ ጽሑፎች ይታያሉ። ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ይኸውና። የመጀመሪያው ያለማቋረጥ የሚያሳልፈው ሲሆን፣ ሁለተኛው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚችለው ነው። የትንሽ ቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል። ናፍታ ሲሆን በብርድ ጧት ከዚያ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለቮልስ የሚበቃው ለናፍታ ላንድ ክሩዘር አይበቃም። ባለ 6 ቮልት የሆነችው የድሮ ቮልስ ደግሞ ለተመሳሳይ ሥራ እጥፍ አምፔር ስለምትስብ ርካሹ ዕቃ ለእርሷም አይሆንም።

ከነሐስ የተሠራውንና ነሐስ የተቀባውን መለየት ያስፈልጋል። በጠርዙ ላይ በምላጭ ትንሽ ቧጨር ሲደረግ ውስጡ ነጭ ግራጫ ከታየ ቅብ ነው። ባለ ሱቁ ቢቆጣም አንድ ጊዜ ነው። ቅቡ በአሲድ ትነት ቶሎ ይበላል፣ ሲጠብቅም ይሰነጠቃል። ከሶማሌ ተራ የተነቀለ አሮጌ ዕቃ ከመጣም መገናኛው ጠቁሮ እንደሆነ ማየት ነው። ጥቁር ከሆነ ሲቃጠል የኖረ ነውና ይመለስ።

አገጣጠሙ ላይ የሚደረግ ጥፋት

ደንቡ ማቋረጫው በማሳው በኩል፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር በሚታሰረው ገመድ ላይ ይገባል የሚል ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ይህ ነጌቲቩ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ነጌቲቩን ሲፈቱ ቁልፍዎ የመኪናውን ብረት ቢነካ ምንም አይሆንም። ፖዘቲቩን ሲፈቱ ቢነካ ግን ቁልፉ እሳት ይተፋል። የጣት ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቆ መሥራትም ከዚሁ የሚመጣ ነው። አሮጌ ላንድ ሮቨር ያለዎት ግን ቆም ይበሉ። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ላንድ ሮቨሮች ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበር። አንዳንዶቹ በኋላ ተገልብጠዋል፣ አንዳንዶቹ እንዳሉ አሉ። ገመዱን በዓይን ተከትሎ ከሻሲው ጋር የታሰረው የትኛው እንደሆነ ሳያዩ መግጠም አይገባም።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ገጣሚ ይስተዋል። በነጌቲቩ ራስ ላይ ከወፍራሙ ገመድ ሌላ አንድ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ታስረው ይገኛሉ። ማስጠንቀቂያ የገጠመው ያሰራቸው ናቸው። ገጣሚው ወፍራሙን ብቻ ወደ ማቋረጫው አዙሮ ቀጭኖቹን በባትሪው ራስ ላይ ከተዋቸው ነገሩ ተበላሸ። ማቋረጫው ተዘግቶ ሳለ አንድ ሰው ረስቶ ቁልፍ ቢያዞር የሞተሪኖው ኃይል ሁሉ በዚያች ቀጭን ሽቦ ልሂድ ይላል። ሽቦዋ ትቀልጣለች፣ እሳቱም ከዚያ ይነሳል። እሳት ለመከላከል የተገዛ ዕቃ እሳት ጠራ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጭኑም ወፍራሙም አንድ ላይ ከማቋረጫው ወዲያ ማዶ ይታሰሩ።

ሁለት ባትሪ ያላቸው አንዳንድ ላንድ ክሩዘሮችና የጭነት መኪኖችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ሁለቱ ተቀጣጥለው 24 ቮልት የሚሰጡ ከሆነ በመጨረሻው ማሳ ላይ አንድ ማቋረጫ ይበቃል። ጎን ለጎን ተያይዘው 12 ቮልት የሚሰጡ ከሆነ ግን በአንዱ ራስ ላይ የተገጠመው ያንኑ አንዱን ብቻ ነው የሚዘጋው።

የራሱ ውፍረትም አንድ አይደለም። የጃፓን ትንንሽ ባትሪዎች ራስ ከአውሮፓዎቹ ይቀጥናል፤ የትልቁ ፖዘቲቭ ከ19 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ የትንሹ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ነጌቲቩ ሁልጊዜ ከፖዘቲቩ ይቀጥናል። የማይስማማ ማቋረጫ ገዝቶ በሚስማር ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ ማጥበቅ የተለመደ ነው። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። በላላ መገናኛ ላይ ግማሽ ቮልት ብቻ ቢጠፋና ሞተሪኖው 200 አምፔር ቢስብ በዚያች ነጥብ ላይ 100 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በማቋረጫው ግራና ቀኝ መያዝ ነው። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ይፈታ፣ ይጠረግ፣ ካልሆነም ይጣል። ነጭ አረንጓዴ ዱቄት የያዘ ራስ በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፤ ሶዳው ወደ ባትሪው ጉድጓድ እንዳይገባ። ሲደርቅ በላዩ ትንሽ ግራሶ ይቀባል።

ሞተሩ ሳይጠፋ አይነካ

ማቋረጫ ሞተር ማጥፊያ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። ዲናሞው እየሠራ ሳለ ባትሪውን ማላቀቅ ሞተሩን ላያጠፋው ይችላል፤ መካኒካል ፓምፕ ያለውን ናፍታማ ጨርሶ አያጠፋውም። ጉዳቱ ሌላ ነው። ባትሪው የኤሌክትሪኩን ግፊት የሚያረጋጋ ነው። በድንገት ሲወጣ ከዲናሞው የሚተፋው ግፊት ለቅጽበት ከ12 ቮልት ወደ ብዙ አሥሮች ይዘላል። ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ ሬዲዮውን ይዞ ይሄዳል። «ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት» እያሉ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅሉ መካኒኮች ዛሬም አልጠፉም። በጥንቱ ዲናሞ ዘመን ያለፈ ነገር ዛሬ ገንዘብ ያስከፍላል። የእሽቅድምድም መኪኖች ማቋረጫ ይህንን ችግር ለማስቀረት ተጨማሪ መገናኛዎች አሉት፤ ከሱቅ የምንገዛው የለውም።

ባትሪው ቻርጅ ላይ ውሎ ወዲያው ሲነሳም ማቋረጫውን መነካካት ጥሩ አይደለም። ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጂን ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፣ አሲዱም ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ኮፈኑ ተከፍቶ ነፋስ ይምታው።

ስለ ሌባ ደግሞ ብዙ አይጠበቅ። ኮፈን መክፈት የሚያውቅ ሌባ አረንጓዴ እጀታ ማዞር አያቅተውም። ተነቃይ ቁልፍ ያለው ዓይነት በተሰወረ ቦታ ከተገጠመ ያዘገየዋል። ያም ቢሆን አንኮበርን የመሰለ ቁልቁለት አገር ላይ የቆመ አሮጌ ናፍታ ፍሬኑ ከተለቀቀ ያለ ባትሪም ሊነሳ ይችላል። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ደግሞ ከማቋረጫው ጋር አብሮ ይጠፋል። ምርጫው የባለቤቱ ነው።

ቁልቁለትን ካነሳን አይቀር፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠችው አንኮበርና አካባቢዋ ባትሪ የደከመበት ሾፌር መኪናውን አፋፍ ላይ አቁሞ የሚያድርበት አገር ነው። ጧት ቁልቁል ለቅቆ በማርሽ ያስነሳል። ይህ ዘዴ ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ የፍሬን አጋዥ ያለው መኪና ሞተሩ ካልተነሳ አጋዡ አይሠራም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ባትሪው ጨርሶ ባዶ ከሆነ አልተርኔተር ያለው የቤንዚን መኪና ቢንደረደርም ላይነሳ ይችላል፤ አልተርኔተሩ ማመንጨት የሚጀምረው ከባትሪው ትንሽ ኃይል ሲያገኝ ነውና። ማቋረጫ ተዘግቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ ቢያንስ ይህችን አያሳጣም።

መጀመሪያ ቀዳዳውን መፈለግ

ከላይ ያልነው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ መኪናው ሁለት ቀን ቆሞ የማይነሳ ከሆነ ማቋረጫ መግዛት ችግሩን መሸፈን ነው። የሚፈስ ጋን ውኃ እየተቀዳበት አይሞላም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የነጌቲቩ ገመድ ተፈትቶ በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ቴስተር በ10 አምፔር መለኪያው ይገባል። ከ0.05 አምፔር በታች ካነበበ ደኅና ነው። ከዚያ ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ማየት ነው፤ የቱ ሲነቀል ቁጥሩ እንደወረደ ከታወቀ ሌባው ተገኘ። ሁሉም ተነቅሎ ካልወረደ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ መጠርጠር ነው። በዚህ ፈተና ላይ ቁልፍ አዙሮ ለማስነሳት የሞከረ ሰው ቴስተሩን ይሰናበታል።

ባትሪውም ራሱ ይመርመር። ሌሊቱን ሳይነካ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ 12 ሲሆን ሩብ ገደማ። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የሬጉሌተሩ ነው፤ ማቋረጫ አያድነውም። ማታ ማቋረጫው ተዘግቶ 12.6 የነበረው ጧት 12.1 ከሆነ ደግሞ ባትሪው ከውስጥ ሞቷል፤ አዲስ ለመግዛት ይዘጋጁ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው። የአንኮበር ምንጭ ለመጠጥ ቢመረጥም ማዕድኑ ለባትሪ አይስማማም። አሲድ መጨመርም ስሕተት ነው፤ የተነነው ውኃው ነው።

የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ የተገጠመላቸው የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ባለቤቶች ማቋረጫ ከማስገጠማቸው በፊት መሣሪያውን የገጠመላቸውን ድርጅት ይጠይቁ። ኃይሉ ሲቋረጥ መሣሪያው ተነካ ብሎ የሚመዘግብ አለና። ኮምፒውተር ያላቸው፣ ማለትም ካርቡሬተር የሌላቸው መኪኖችም ባትሪያቸው ተላቅቆ ሲመለስ ለጥቂት ደቂቃ ሞተራቸው ሊንገዳገድ ይችላል፤ የሬዲዮ ኮድ የሚጠይቁም አሉ። ኮዱ ከጠፋ ሬዲዮው አብሮ ጠፋ።

የዋጋውን ነገር በቁጥር አልጻፍነውም። ጋዜጣው ታትሞ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ሊለወጥ ይችላል። ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ክፍልፋይ ነው። ሱቅ ሲሄዱ የባትሪዎን ዓይነትና የሞተሩን መጠን ጽፈው፣ የተፈታ አሮጌ ተርሚናል ካለዎትም በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ። ባለ ሱቁ እዚያው በዕቃው ላይ ለክቶ ይስጥዎት። ቀዩ ተነቃይ ቁልፍ ያለውን ከገዙ ደግሞ ሁለት ቁልፍ መኖሩን አይተው ይቀበሉ፤ አንዱ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ይታሰር፣ ሌላው ቤት ይቀመጥ።